ስልኩ በፋሲካ ጠዋት ጠራ፤ አላነሳሁትም

ደብዳቤው

እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት ወዲህ ካለው ኮንዶሚኒየም። 46 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አማቴም አብረውኝ ይኖራሉ። የወሎ ሰው ናቸው፣ 78 ዓመታቸው ነው። ልጆቼን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያ ልጄን በ15 ዓመቱ አሜሪካ፣ ዩታ የምትኖረው አክስቱ ወሰደችው። ቦሌ ስሸኘው ማዕተቡ አንገቱ ላይ ነበር፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመታ ልጅ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት “እማዬ፣ ጓደኞቼ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀምሬያለሁ” አለኝ። ልጅነት ነው፣ ያልፍለታል ብዬ ዝም አልኩ። ቆይቶ ተጠመቅሁ አለኝ። በ40 ቀኑ አቅፌ ያስጠመቅሁትን ልጅ እንደገና አጠመቁት። ሞርሞን የሚባሉት ናቸው። ይኸው ባለፈው መስከረም ደግሞ ሚስዮናዊ ሆኖ ጋና፣ ኩማሲ የሚባል ከተማ ሄደ። ሁለት ዓመት ይቆያል። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ባጅ። ከስምህ በፊት የተጻፈው ምንድን ነው ብለው “ሽማግሌ ማለት ነው” አለኝ። የ20 ዓመት ልጅ! መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ስልኩን ስዘጋ አለቀስኩ።

ለሰው ሁሉ የነገርኩት “ኮሌጅ ገብቷል” ብዬ ነው። ለአማቴም፣ ለንስሐ አባቴም፣ ለዕድርተኛውም። እውነቱን የምናውቀው እኔና የ14 ዓመቷ ልጄ ብቻ ነን።

ሰኞ ሰኞ በእኛ 9 ሰዓት ላይ ይደውላል። ሰኞ ልብስ የሚያጥቡበትና አስቤዛ የሚገዙበት ቀን ነው። ካልሲውን አጥቦ የማያውቅ ልጅ ሸሚዙን በባልዲ ሲያሽ በቪዲዮ ያሳየኛል። ከማክሰኞ ጀምሮ በዚያ ፀሐይ ሰፈር ለሰፈር ይዞራሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሳል፣ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ይተኛል። አንድ የዚምባብዌ ልጅ አብሮት አለ፤ ከአጠገቡ አይለይም።

የሕማማት ሰኞ ከስግደት ተመልሼ፣ ወገቤ ተቆራርጦ ቁጭ ብያለሁ። ስልኩ ጠራ። ገና ከማንሳቴ “እማዬ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ!” አለኝ፣ እየሳቀ። ትናንት እሑድ ፋሲካን አከበርን፣ ዩታ የተደረገውን ጉባኤ በስክሪን አየን፣ ከዚያ አንዲት ባልቴት ቤት ሩዝ በዶሮ ጋበዙን አለኝ። ሰላምታ እንኳ በማንለዋወጥበት ሳምንት! ጌታዬ ገና ሳይያዝ እሱ ዶሮውን በልቶ ጨርሷል። ጾም የሌለው፣ ስግደት የሌለው ፋሲካ! ደሜ ፈላ። “ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ፤ ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ” ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

የእኛ ፋሲካ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የንስሐ አባታችን መጥተው ቤቱን ጠበል እየረጩ ሳለ ስልኩ ጠራ። ቡፌው ላይ ነበር። ሸሚዙ፣ ባጁ፣ ጥርሱ ስክሪኑ ላይ ቦግ አለ። አማቴ “ማነው?” አሉ። ስልኩን በፊቱ ደፋሁትና “የተሳሳተ ስልክ ነው” አልኩ። ሦስት ጊዜ ጠራ። በዚያው ሳምንት የጴጥሮስ ክህደት ሲነበብ እንባዬን ስጠርግ የነበርኩ ሴት ነኝ። አማቴ ምንም አላሉም። እንደየዓመቱ ከወጡ ላይ ፈረሰኛውን “የልጄ ድርሻ” ብለው በትንሽ ሳህን አወጡለት፤ ክዳን ገጥመውም ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጡት።

በማግስቱ ሰኞ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶ ስለዋለ ይደውል አይደውል አላውቅም። ለእህቱ ደግሞ ስለ ኢየሱስ የሚናገሩ ቪዲዮዎች እንደሚልክላት ደርሼበታለሁ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ታያለች።

ልጄ ክርስቶስን ትቷል ማለት ነው? እንዲህ ያሉት ሰውን በገንዘብ ይገዛሉ ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ይሆን? ለአማቴ ልንገራቸው ወይስ እስኪያልፉ ዝም ልበል? በሚመጣው ሰኞ ቢደውል ላንሳ? ካነሳሁስ ምን እላለሁ?

እናቱ ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልሱ

እህቴ፣ ከአጻጻፍሽ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ ልበልሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ ሳነበው ቀጥ ያልኩት “ሞርሞን” የሚለው ላይ ሳይሆን የተደፋው ስልክ ላይ ነው። እስቲ አስቢው፤ ያን ስልክ የደፋሽው ልጅሽን ላለማየት ነው? ወይስ “ኮሌጅ ገብቷል” ያልሻቸው ሰዎች እንዳያዩት? እኔ የምገምተው አለ፤ ግን የአንቺ መልስ ይበልጣል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የሕማማቱን ሰኞ እናንሳ፤ የቆረጠሽ እሱ ነውና። እኔም ሕማማትን የምሰግድ ሰው ነኝ። በዚያ ሰኞ “እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው” ብባል ምን እንደምሆን አውቀዋለሁ። ግን ካሌንደር አውጪና አብረን እንይ። በ2017 ዓ.ም የፈረንጆቹም የእኛም ፋሲካ አንድ ቀን ነበር የዋለው፣ ሚያዝያ 12። ያኔ ልጅሽ ዩታ ሆኖ ደውሎልሽ ከነበረ “እንኳን አደረሰሽ” ያለሽ በትክክለኛው ቀን ነው፤ ማንም አልተቀየመም። ዘንድሮ ግን የእነሱ መጋቢት 27 ሲውል የእኛ ሚያዝያ 4 ሆነ። ልክ አንድ ሳምንት። እሱ ትንሣኤን ሲያከብር አንቺ ዘንባባ ይዘሽ ሆሳዕና ላይ ነበርሽ፤ ቀኑም መጋቢት 27፣ የመድኃኔዓለም ጥንተ ስቅለት የሚታሰብበት። እሱ የደወለበት ሰኞ ደግሞ ጋና ውስጥ የፋሲካ ማግስት ተብሎ በሕግ ሥራ የሚዘጋበት ቀን ነው። ከተማው ሁሉ በዓል ላይ ሆኖ፣ ልጁ እናቱን አስታውሶ ደወለ። በሳምንት አንዴ ከሚያገኘው ስልክ ላይ የመጀመሪያ ቃሉ ያ ነበር።

ይህን ስል ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። ከበሮ ሲመታ ያደገ የ15 ዓመት ልጅ ሕማማት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የእናቱን ፋሲካ ቀን ማየት ነበረበት። ግን ረስቶት ነው? ተሳስቶ ነው? ወይስ ከልቡ አውጥቶት? ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንቺ ግን ሳትጠይቂ ሦስተኛውን ፈረድሽበት። ደግሞ ልብ በይ፤ ከሳምንት በኋላ፣ እንዳትደውል የተባለው ልጅ፣ በእኛው ፋሲካ ጠዋት ደወለ። ኩማሲ ያኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ሚስዮናውያኑ ቤተሰብ የሚያነጋግሩት በሰኞው የእረፍት ቀናቸው ስለሆነ በእሑድ ለመደወል ፈቃድ ጠይቆ ይሆናል። አንቺ የእኛን ቀን አልነገርሽውም፤ ዘግተሽበታል። ፈልጎ አግኝቶት ነው።

አሁን ስለ ሃይማኖቱ። አንድ ነው፣ ልዩነት የለውም ብዬ ላባብልሽ አልፈልግም፤ አንቺም አትቀበይኝም። ራሳቸውን የሚጠሩት “የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን” ብለው ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1830 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ጆሴፍ ስሚዝ የመሠረተው ነው። ክርስቶስ ተወለደ፣ ተሰቀለ፣ ተነሣ ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህ “ክርስቶስን ትቷል ወይ” ብለሽ እሱን ብትጠይቂው አልተውኩም ይልሻል፣ ከልቡም ነው የሚልሽ። ነገር ግን ሥላሴን እኛ እንደምናምነው አያምኑም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መጽሐፈ ሞርሞን የሚሉትን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይቀበላሉ፤ የእመቤታችንና የቅዱሳን ምልጃም ታቦትም እነሱ ጋ የለም። ቤተ ክርስቲያናችን ጥምቀታቸውን አትቀበልም፤ እነሱም የእኛን አይቀበሉም። ለዚህ ነው እንደገና የተጠመቀው። ያዘንሽው በሌለ ነገር ስላይደለ፣ “አንቺ አክርረሽው ነው” የሚልሽን ሰው አትስሚው።

“ጾም የሌለው” ያልሽው ላይ ግን ላርምሽ። እንደ እኛ 55 ቀን አይጾሙም፣ ሕማማትም የላቸውም። ነገር ግን በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ሁለት ጊዜ ማዕድ ይተዋሉ፤ ምግብም ውሃም የለም። የተዉትን ምግብ ዋጋ ደግሞ ለችግረኛ ይሰጣሉ። በመጋቢትና በመስከረም መጨረሻ ገደማ ልጅሽ በስክሪን ያየው ዓይነት ጉባኤ ሲገጥም ጾሙን ወደ ሌላ እሑድ ያዛውሩታል፤ ዘንድሮ ፋሲካቸው ከጉባኤው ጋር በመግጠሙ ነው በዚያ እሑድ ዶሮ የተበላው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ አማትሽ የወሎ ሰው ናቸው ስላልሽኝ ነው። 77ን የወሎ ሰው አይረሳውም። በዚያው ዓመት ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም፣ የጥምቀት ሰሞን፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ የዚህ ቤተ ክርስቲያን አማኞች ለእኛ ረሃብተኞች ብለው የጾም እሑድ አውጀው ጾመው ነበር። የተዉትን ምግብ ዋጋ ሲያዋጡ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ለድርቁ እርዳታ ዋለ። ይህን የምነግርሽ ለስብከት ወይም ውለታ ቁጠሪ ብዬ አይደለም። ለአማትሽ ነገሩን የምትገልጪበት ቀን ሲመጣ “ልጅዎ ከማይጾሙ ሰዎች ጋር ገባ” ከማለት ሌላ መነሻ ይኖርሻል።

የገንዘቡ ወሬ ደግሞ ከእውነቱ ጋር አይገጥምም። እነዚህ ወጣቶች ደሞዝ የላቸውም፤ እንዲያውም የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ከአሜሪካ የሚሄድ ወጣት ሚስዮናዊ እሱ ወይም ቤተሰቡ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ያዋጣል፤ አቅም ከሌለው ምዕመናኑ ይደጉሙታል። ልጅሽ ይህን ከየት እንዳመጣው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ከመሄዱ በፊት ሠርቶ አጠራቅሞ ከሆነ አንድ ነገር ታውቂበታለሽ፤ አክስቱ እየከፈለች ከሆነም ሌላ። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱት ደግሞ ደንባቸው ነው፤ ያን የዚምባብዌ ልጅ ጠባቂ አድርገሽ አትሳዪው፣ ልጅሽም ለእሱ እንደዚያው ነው። በቃኝ ካለ ጊዜው ሳይደርስ መመለስ ይችላል። እናት ነሽና ይህን በቀጥታ ጠይቂው፦ ታመህ ታውቃለህ? የወባ መድኃኒትህን ትወስዳለህ? ፓስፖርትህ የት ነው? መመለስ ብትፈልግ ለማን ነው የምትነግረው? ዓይኑን እያየሽ ጠይቂና አመላለሱን ተመልከቺ። በጎ ከሆነ አንድ ሸክም ይቀልሻል።

ወደ ስልኩ ልመለስ። እኔ ታናሽ ወንድም አለኝ፤ ወጣት ሳለን ጴንጤ ሆነ። የዚያን ዓመት ለፋሲካ መጣ። እኔ የቤቱ ትልቅ ልጅ ነበርኩ፣ ወጡን የምከፋፍለው እኔ ነኝ። ከትልቁ ትሪ ለይቼ በአንዲት የፕላስቲክ ሳህን አቀረብኩለትና “አንተ መቼም ሳትጾም የምትገድፍ ነህ” አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ሁለት ጊዜ ጎረሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዓል አብረን አሳልፈን አናውቅም፤ የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ነው። ሃይማኖታችን ዛሬም የተለያየ ነው፤ ያችን ሳህን ግን ብመልሳት ደስ ይለኛል።

የአማትሽ ሳህን ክዳን እንዳላት አይቻለሁ።

ሌሎቹ ሁሉ ጥያቄዎችሽ ውሸቱ ስር ናቸው ብዬ አምናለሁ። ልጅሽ ሲደውል የምትደነግጪው፣ ፎቶውን ማሳየት የማትችይው፣ አማትሽ ስሙን ሲያነሱ ወደ ማድቤት የምትገቢው በውሸቱ ምክንያት ነው። ከሁሉ በላይ ያሳሰበችኝ ልጅትሽ ናት። የ14 ዓመት ልጅ የቤቱን ምስጢር እንድትሸከም ሆናለች። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ቪዲዮ ታያለች ብለሽ ደነገጥሽ፤ ግን እዚህ ቤት የወንድሟ ነገር በድብቅ የሚያዝ መሆኑን ከማን ተማረች? ዛሬ ማታ አጠገቧ ተቀመጪና “አሳዪኝ፣ አብረን እንየው” በያት። አትቆጪ። የምታየው ነገር ከእኛ እምነት ጋር የሚጋጭ ከሆነ እዚያው ትነጋገሩበታላችሁ።

ለወንድሟ ግን ድንበር አብጂለት፤ ይህ መብትሽ ነው። “እህትህ ልጅ ናት፣ ያለ እኔ ፈቃድ አታስተምራት” በይው። ስድብ መስሎ አይታየው፤ የራሳቸውም ሥርዓት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይጠመቅም ይላል። ኩማሲ ውስጥ የማንንም ልጅ ያለ እናቱ ፈቃድ ማጥመቅ የማይችል ልጅ፣ የአንቺን ፈቃድ ቢያከብር አይከብደውም።

እውነቱን ለማን ትጀምሪ? እኔ ብሆን ከንስሐ አባቴ እጀምራለሁ። እሳቸው የሰሙትን አያወጡም፤ ውሸቱም ቢሆን ንስሐ የሚገባበት ነገር ነው። ነገሩ ሊከብድሽ ይችላል። አንዳንድ አባት ያለቅሱልሻል፣ አንዳንዱ ይቆጣሉ፣ “ግንኙነትሽን ቁረጪ” የሚሉም አይጠፉም። እንደዚያ ካሉሽ አትከራከሪ፤ “አባቴ፣ ወደ እናት ቤቱ ይመለስ ይሆናል ብዬ ተስፋ የማደርገው እያነጋገርኩት ነው ወይስ ዘግቼበት?” ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ በጸሎታችሁ አስቡት በያቸው፤ በክርስትና ስሙ። ስሙ አሁንም የእሱ ነው።

ቀጥሎ አማትሽ። “እስኪያልፉ ዝም ልበል” ያልሽው አልተዋጠልኝም። በየዓመቱ ፈረሰኛ የሚያስቀምጡለትን ልጅ የት እንዳለ ሳያውቁ ቢያልፉ፣ መስከረም 2020 ላይ ሲመለስ መቃብራቸው ላይ ቆሞ ምን ይላል? አንቺስ ምን ትይዋለሽ? ደግሞ “የተሳሳተ ስልክ ነው” ስትይ ዝም ማለታቸው ሳያስጠረጥረኝ አልቀረም። ሦስት ጊዜ የሚጠራ የተሳሳተ ስልክ ያውቃሉ ብለሽ ነው? በበዓል ቀን፣ በሰው ፊት አትንገሪያቸው። ጎረቤት ሳይመጣ፣ ሁለታችሁ ብቻ፣ አቦሉ ላይ። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። “እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ልጁ ኮሌጅ አይደለም። ጋና የሚባል አገር ነው፣ ሃይማኖቱን ቀይሮ ያስተምራል። ደህና ነው። የደወለው እሱ ነበር።” ከዚያ ዝም በይ። ቢያለቅሱ ይልቀሱ፣ ቢቆጡም ይቆጡ። የ77ቱን ጾም የምታነሺው በኋላ ነው፣ በሌላ ቀን።

ለዕድሩና ለብሎኩ ሰው ምንም ዕዳ የለብሽም። ቢጠይቁሽ “ጋና ነው፣ ደህና ነው” በቂ ነው። የሚያስተዛዝንሽም የሚያማሽም አይጠፋም፤ ከሁለት ቅርጫ በኋላ ሌላ ወሬ ያገኛሉ።

አንዱን ግን ሰኞን ሳትጠብቂ አንሺው፤ እርግማኑን። “ያጠባሁህ ጡት ይፋረድህ” ብለሽ ዘግተሽበታል፤ በእኛ አገር ይህ የሚቀለድበት ቃል አይደለም። ያ ልጅ እምነቱን ቢቀይርም የዚህች አገር ልጅ ነው፤ ያን ቃል ይዞ በማያውቀው ከተማ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው እየሄደ ነው። አጭር የድምፅ መልእክት ላኪለት። የሃይማኖት ነገር አታንሺበት። “ልጄ፣ የረገምኩህን አንስቻለሁ፤ ስልኩን የዘጋሁት ተናድጄ ነው፤ ሰኞ ደውል” ከበቂ በላይ ነው። ይቅርታ ጠየቅሽ ማለት ሃይማኖቱን ተቀበልሽ ማለት አይደለም፤ እሱም እንደዚያ አይረዳውም። ቢረዳው ደግሞ ሰኞ ታስረጂዋለሽ።

ሰኞ ምን ትያለሽ? ደስ የሚለው፣ ገና ሃምሳው ውስጥ ነን። እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም፣ ስግደት የለም፤ “እንኳን አደረሰህ” ብትይው ቀኑ አላለፈም። በሕማማት ሰኞ ያለጊዜው የመጣውን ሰላምታ አሁን በጊዜው መልሺለት። ከዚያ ስለ ሕማማቱ ንገሪው፤ ሳትጮኺ፣ ምን እንደተሰማሽ፣ ወገብሽ እንዴት ተቆራርጦ እንደነበር። “ቀኑን ረስተኸው ነው?” በይውና መልሱን እስከ መጨረሻው ስሚ። እንዲጽፈውም አድርጊው፦ በሚመጣው ዓመት ሁለቱ ፋሲካዎች አምስት ሳምንት ይራራቃሉ፤ የእነሱ መጋቢት 19፣ የእኛ ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ይውላል። ያኔም ጋና ነው የሚሆነው። ለዚያ ጠዋት መደወል ከፈለገ የሚሲዮን ኃላፊውን ከወዲሁ ይጠይቅ።

ጥምቀቱን አንስተሽ በመጀመሪያው ቀን አትከራከሪው። እሱ ቀኑን ሙሉ በዚህ ጉዳይ ሲነጋገር የሚውል ልጅ ነው፤ መልስ አያጣልሽም፣ አንቺ ትደክሚያለሽ። ከእናቱ የሚፈልገው ሌላ ወሬ ነው፦ ኮሪደሩ ላይ ውሃ መጣ ወይ፣ የእህቱ ፈተና እንዴት ሆነ፣ በጉን ማን አረደው።

ቡናሽንም አፍዪ። አዎ፣ ቡና አይጠጡም፤ ሻይም እንደዚያው። በፈረንጅ በ1833 የወጣ የጤና ሕግ አላቸው፣ መጠጥንም ትምባሆንም ይከለክላል። (ቡና የሌለበት ሃይማኖት ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው፤ ይቅር ይበለኝ።) ግን ቆሎና ፈንዲሻ አልተከለከለም፣ ረከቦቱን ማየትም አልተከለከለም። ስልኩን ከጀበናው አጠገብ በፊቱ ሳይሆን ቀና አድርገሽ አቁሚው፤ እንድትቆም የስኳር ጣሳውን አስደግፊያት። አማትሽ ነገሩን ሰምተው ከሆነ ቦታቸው ከፊት ለፊቱ ነው። ያልሰሙ እንደሆነ ደግሞ ያን ሰኞ አንቺ ብቻሽን አነጋግሪው፣ በሚቀጥለው ይደርሳል።

መብራት ሰኞ የመጥፋት አመል ካለው እሑድ ማታ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክተሽ እደሪ፤ ኔትወርኩ ቤት ውስጥ ከከዳሽ ደግሞ ከብሎኩ በታች ወደ ዋናው መንገድ ወጣ በይ። 9 ሰዓት ላይ።